ጉጉቱን የማይፈሩ ሰዎች

በሱኦቫራ መንደር ተጠራጣሪ ያልሆነ ሰው የለም። እኛ የአየር ትንበያ አናምንም። ከሄልሲንኪ የመጣ ሰው ስለ ጫካ ሲያወራ ጭራሽ አናምንም። የምንጠራጠረው ነገር ሲጠፋ ደግሞ እርስ በርሳችን እንጠራጠራለን፤ የበረዶው ወራት ረጅም ነውና ሰው አንድ ሥራ ያስፈልገዋል። ከዚህ ሁሉ ተጠራጣሪ መሃል ግን እንደ ሳይሚ አፍ ያለው አልነበረም። ሳይሚ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። ትምህርቷ እንደ ነገሩ ነው፤ ምላሷ ግን ዩኒቨርሲቲ ጨርሷል።

ስለዚህ በሐምሌ መጨረሻ አንድ ነጭ መኪና መጥቶ ኮረብታው ላይ ረጅም የብረት ምሰሶ ሲተከል፣ ምሰሶው አናት ላይም የድስት ክዳን የሚያህል ጥቁር ዓይን ሲሰቀል፣ ሰው ቀና ብሎ ምሰሶውን ካየ በኋላ ዞሮ ሳይሚን አየ። ምን ትል ይሆን ብሎ።

መኪናውን ይዞ የመጣው ሰው ሮፔ ሊንድማን ይባላል። ጫማው የጫካ ጫማ ነው፣ ጭቃ ግን አይቶ አያውቅም። መንደሩን አዳራሽ ሰበሰበና ቡና በፔርሙዝ፣ የቀረፋ ዳቦ በትሪ አቀረበ። እኛ የቀረፋ ዳቦ ካለ ማንንም ቁጭ ብለን እንሰማለን፤ ማመኑ ሌላ ጉዳይ ነው።

«ይህ ጉጉት ይባላል» አለ ሮፔ፣ ግድግዳው ላይ የዘረጋውን ትልቅ ስክሪን እየጠቆመ። «የወደፊቱ ጦር ዓይን። በጫካ ውስጥ፣ በጭጋግ ውስጥ፣ በቅጠል ስር የሚንቀሳቀስ ማንኛውንም ነገር በሙቀቱ ይለየዋል። ሰውን ከአጋዘን ይለያል። ወዳጅን ከጠላት ይለያል። ከአረማመዱ ብቻ ሰውየው ምን እንዳሰበ ያውቃል። ወገኖቼ፣ የወደፊቱ ጦርነት ገና ሳይጀመር ያለቀ ጦርነት ነው።»

ሳይሚ እጇን አወጣች። «ታዲያ እኛ ስንት ሰዓት ላይ እንድረስ?»

አዳራሹ ሳቀ። ሮፔም ሳቀ፤ ከደቡብ የመጣ ሰው መቼ መሳቅ እንደሌለበት አያውቅም።

«ሌላም ጥያቄ አለኝ» አለች ሳይሚ። «ሰው ምን እንዳሰበ ያውቃል ካልክ፣ ይኸውልህ የአጎቴ ልጅ ኢልሞ። ሥራ ለመፈለግ አስቦ ያውቅ እንደሆነ ይነግረናል?»

ኢልሞ ከኋላ ዳቦውን እያላመጠ፣ «እሱን እኔም ማወቅ እፈልጋለሁ» አለ።

ወይዘሮ ሂልካ፣ የመንደሩ ማኅበር ሊቀመንበር፣ ጠረጴዛውን በማንኪያ መታ መታ አደረገች። እሷም ራሷ ሳቋን ከንፈሯን ነክሳ ነው የያዘችው። «ሥርዓት» አለች። ቀጥላም ለሮፔ፣ «ልጄ፣ ቅር አይበልህ፤ እዚህ ብዙ ማሽን አይተናል። የመጨረሻው በረዶ የሚጠርግ ነበር። እስካሁን በረዶ ውስጥ ነው ያለው።»

ሳይሚ የዚያን ቀን ነገሠች። ነገሩ በዚያ ቢያበቃማ ኖሮ እዚያው አዳራሽ በር ላይ ሐውልት ባቆሙላት። ግን ሮፔ ንግግሩን አልጨረሰም።

«ቅዳሜ ከጦር ሠራዊቱ አንዲት ሻለቃ ትመጣለች» አለ። «ጉጉቱ የሳምንቱን ሥራ ያሳያታል። ከወደደችው ምሰሶው እዚሁ ይቀራል፣ ለዘለቄታው። ለመንደሩ ምስጋና እንዲሆን ደግሞ ይህ ስክሪን አዳራሹ ውስጥ ይቀራል። ማን በየትኛው መንገድ ገባ፣ የት ቆየ፣ በየት ወጣ፤ ማንም ሰው ቡናውን እየጠጣ ማየት ይችላል።»

ያኔ ሳቁ ቆመ። የማላመጡ ድምፅ እንኳ ቆመ።

ነገሩ ሂላ ነው። ሂላ ረግረጉ ውስጥ የምትበቅል ፍሬ ናት፤ ጥሬዋ ቀይ፣ ብስሏ ወርቅ። ረግረጉ የሁሉም ነው፣ ሁሉም መልቀም ይችላል፣ ሕግም አለው። ጥሩው ቦታ ግን የት እንደሆነ ማንም ለማንም አይናገርም። በእኛ አገር ሰው የባንክ ቁጥሩን ለሚስቱ ይሰጣል፣ የሂላ ቦታውን ግን አይሰጥም። የሂልካ ባል በሞት አልጋ ላይ ሳለ አጠገቡ ተቀምጣ፣ «የኔ ጌታ፣ አሁን እንኳ ንገረኝ» ብላ ብትለምነው፣ «ውሃ ስጪኝ» ብሎ ወደ ግድግዳው ዞረ። ሂልካ ይህን ስታወራ የምታለቅሰው ስለ ሞቱ ይሁን ስለ ቦታው እስካሁን አልለየንም።

ሳይሚ ደግሞ ቦታዋን ያገኘችው ገና በዚያ ዓመት ነበር። አያቷ ኦይቫ በጸደይ የሳውናው ደረጃ ላይ አዳልጦት ዳሌው ተሰበረ። እስከዚያ ድረስ ቦታውን የሚያውቀው እሱ ብቻ ነበር፣ ከእናቱ የወረሰው። አልጋ ላይ ሲቀር ግን ሳይሚን ጠራት። ቤት ውስጥ ከሁለታቸው ሌላ ነፍስ አልነበረም፤ ቢሆንም ራዲዮውን አስጮኸ፣ መጋረጃውን አስዘጋ፣ ከዚያ በጆሮዋ ነገራት።

«ሰው ካወቀው በአንድ ጠዋት ያልቃል» አላት። «እኔም አብሬው አልቃለሁ። የመጀመሪያዋን ጎድጓዳ ሳህን እኔ ነኝ የምበላት። እሷን ሳልበላ አልሞትም፤ ስለዚህ ካዘገየሽ ራስሽን ነው የምትጎጂው።»

ይህን አደራ ይዛ ነው ሳይሚ አዳራሹ ውስጥ ስትቀልድ የነበረው።

በማግስቱ ፀሐይ ወጣ፣ ረግረጉ ሞቀ፣ ሂላው ደረሰ አልደረሰ ተብሎ የሚታይበት ቀን ሆነ። ሌላ ዓመት ቢሆን በዚህ ቀን መንደሩ ባዶ ነው። አሁን ግን ሰው ሁሉ ቤቱ ነው። አንዱ አጥር ይቀባል። አንዱ ያልተሰበረ ብስክሌት ይጠግናል። ሂልካ መስኮት ታጥባለች፤ ያንኑ አንዱን መስኮት።

«ጉጉት አሉ» ይላል አንዱ በአጥሩ ላይ።

«ቱሪናፋ ነው» ይላል ሌላው።

«አይሠራም።»

«የት አባቱ ይሠራል።»

ከዚያ ሁለቱም ቀና ብለው ኮረብታውን ያያሉ፣ ሁለቱም ወደ ቀለማቸው ይመለሳሉ።

ኦይቫ አልጋው ላይ ሆኖ ሳይሚ ወለል ስትጠርግ ለሦስተኛ ጊዜ አያት። ሳይሚ በሕይወቷ ወለል ሦስት ጊዜ ጠርጋ አታውቅም፣ በዓመትም ቢሆን።

«ለምን አልሄድሽም?» አላት።

«ዝናብ ሊመጣ ነው፣ አባባ።»

ኦይቫ ወደ መስኮቱ አየ። ሰማዩ እንደ ታጠበ ሳህን ነው። «ማን አለ?»

«ትንበያው።»

«ትንበያ ማመን የጀመርሽው መቼ ነው?»

ሳይሚ መጥረጊያውን አቆመች። «ያ ማሽን ቢያየኝስ?»

«ማሽኑ አይሠራም ብለሽ አዳራሽ ሙሉ ሰው አስቀሽ የለ? ኢልሞ መጥቶ ነግሮኛል። ሳቁ ገና አልለቀቀውም።»

«አይሠራማ።»

«እንግዲያው ሂጂ።»

«ቢሠራስ?»

ኦይቫ ትራሱን አስተካከለ። «ስሚ። እኔ ወታደር እያለሁ አንድ ሳጥን አመጡልን። የጠላትን እርምጃ ከመሬት ስር ይሰማል ተባለ። ሊቃውንት ሠርተውታል ተባለ። መሬት ላይ አስቀመጥነው፣ ሳጥኑ ጮኸ፤ መቶ ሰው እየመጣ ነው አለ። ምሽግ ገባን። ሌሊቱን ሙሉ ምሽግ ውስጥ አደርን። ጠዋት ስናየው ሳጥኑን ያስቀመጥነው የጉንዳን ቤት ላይ ነው።»

ሳይሚ ሳቀች። «እና ሳጥኑን ጣሉት?»

«የለም። በሚቀጥለው ሳምንት ሲጮህ እንደገና ምሽግ ገባን።»

«ጉንዳን መሆኑን እያወቃችሁ?»

«ጉንዳን መሆኑን እያወቅን። እኔ መጀመሪያ የገባሁት ነኝ። በይ ሂጂ፣ ሂላው አይጠብቅሽም።»

ሳይሚ ሄደች። ግን እንደ ሰው አልሄደችም። ከእናቷ መኪና ውስጥ ያንን ለአደጋ ጊዜ የሚቀመጠውን የሚያብረቀርቅ ብርድ ልብስ አወጣች፤ የሰውን ሙቀት አያስወጣም ይባላል። ሙቀት ካልወጣ ጉጉቱ ምኑን ያያል? አንገቷ ድረስ ተጠቀለለች፣ የቀረውን ራሷ ላይ አሰረች፣ ከስሩ ባልዲዋን ደብቃ ያዘች። ሐምሌ ነው፣ ፀሐይ ናት፣ ውስጧ እንደ ሳውና ፈላ። በእግሯ ስትሄድ እንደ ብስኩት መጠቅለያ ትንኮሻኮሻለች። ወፍ ሁሉ ከዛፍ ተነሣ። አዳራሽ ውስጥ «ስንት ሰዓት ላይ እንድረስ» ያለችው ልጅ ይህችው ናት።

ጥቂት እንደሄደች ከቁጥቋጦ ወዲያ አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ። ጎንበስ ብሎ የሚሄድ ሰው ነው። ራሱ ላይ ትልቅ የሾርባ ድስት ደፍቷል።

«ኢልሞ?»

ድስቱ ቆመ። ከውስጥ፣ «አይደለሁም» አለ።

«ድስቱ የእናትህ ነው።»

ኢልሞ ድስቱን ትንሽ ገለጥ አደረገና አያት። ከእግር እስከ ራሷ አያት። «አንቺ ደግሞ ለማን ስጦታ ተጠቅልለሽ ነው?»

«ብርድ ብርድ ይለኛል።»

«እኔም ራሴን ያመኛል።»

 በእኛ ወግ ረግረግ ውስጥ ሰው ካገኘህ ስለ ሂላ አይነሣም። ባልዲህን ከጀርባህ ትይዛለህ፣ ስለ አየሩ ታወራለህ፣ ከዚያ ከምትሄድበት በተቃራኒ ትሄዳለህ። ሌላውም እንደዚያው ያደርጋል። ሁለታችሁም ከዓይን ስትሰወሩ ትዞራላችሁ።

«ጥሩ አየር ነው» አለ ኢልሞ።

«ደረቅ ነው» አለች ሳይሚ።

ይህን ሲሉ ከጥድ ዛፎቹ መሃል አንድ ነጭ ነገር ጠብ ጠብ እያለ መጣ። የረጠበ የአልጋ አንሶላ ነው፤ ከአንሶላው ስር የሂልካ የጎማ ቡትስ ወጥቷል። እነሱን ስታይ ቆመች። መሮጥም አሰበች መሰል፣ ግን ሊቀመንበር ናት።

«እትዬ ሂልካ» አለች ሳይሚ፣ «ልብስ ሊያሰጡ ነው?»

«ቤቱ ጥላ ነው፤ እዚህ ቶሎ ይደርቃል» አለች ሂልካ።

«ለብሰውት ነው የሚያደርቁት?»

«አንቺ አፈኛ፣ ይህን ብልጭልጭሽን ፈትተሽ ነው ሰው የምትጠይቂው።» ቀጥላም ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እውነቱን ከተናገርን ያ ማሽን ቱሪናፋ ነው።»

«ቱሪናፋ ነው» አለ ድስቱ።

«አይሠራም» አለች ሳይሚ።

ሦስቱም ወደ ኮረብታው በዓይናቸው ጫፍ አዩና በሦስት አቅጣጫ ተበተኑ። ሳይሚ ወደ ምሥራቅ ሄደች፣ ከዚያ ዞረች፣ ከዚያ ሂልካ ተደብቃ ታየኝ ይሆናል ብላ እንደገና ዞረች። ቦታው ጋ ስትደርስ ፀሐይ ዞራ ነበር።

ቦታው ግን ነበረ። አያቷ እንዳላት፣ ከተገነደሰው ጥድ ጀርባ፣ ከውጭ ምንም የማይመስል ሜዳ። ሂላው ምንጣፍ ነው። ዳሩ ግን ገና ቀይ፣ ገና ደረቅ። እሁድ ይደርሳል፣ ከዚያ በፊት አይሆንም። ሳይሚ ፈርታ እዚያው ሜዳው መሃል ብርድ ልብሷን እንደ ድንኳን ዘርግታ ስሩ ተኛች፣ ጉጉቱ ዓይኑን እስኪያዞር። ዓይኑን መቼ እንደሚያዞር አታውቅም። ነፋሱ ጨርቁን እያነሣ ያርገበግበዋል፣ ትንኝ ከውስጥ ገብታ ትበላታለች። ከብዙ ጊዜ በኋላ ራሷን ታዘበች፤ «የማይሠራ ማሽን እስኪደክመው እየጠበቅሁ ነው» አለች። ቢሆንም ትንሽ ጨመረችለት።

ቅዳሜ አዳራሹ ሞላ። ቆሞ የሚሰማ ሰው እንኳ ነበረ። ሻለቃ ሲርካ ከፊት ተቀመጠች፤ ቀጭን፣ ጸጉሯ የሸበተ፣ ቡናዋን ሳታነሣ የምታዳምጥ ሴት። ሮፔ አዲስ ሸሚዝ ለብሷል።

«እንግዲህ» አለ፣ «ጉጉት በዚህ ሳምንት ያየው ይህ ነው።»

ስክሪኑ ላይ ጥቁር ጫካ መጣ። በጫካው ውስጥ አንድ ቢጫ ጉብታ ጎንበስ ብሎ ይሄዳል። ከስሩ ጽሑፍ ወጣ፦ ድብ። የቆሰለ።

«ማነው የቆሰለው?» አለ ኢልሞ ከኋላ።

አዳራሹ ወደ ኋላ ዞረ። ኢልሞ የተናገረው የገባው ዘግይቶ ነው። ጆሮው እንደ ጥሬ ሂላ ቀላ። ሮፔ ግን አልሰማም፤ የድቡን መንገድ በቀይ መስመር አወጣው። መስመሩ ከአሮጌው መጋዝ ቤት ጀርባ አልፎ አንዲት ነጥብ ላይ ቆመ፣ እዚያም ብዙ ቆየ። አዳራሹ በሙሉ አንገቱን አሰገገ። ማሽኑ አይሠራም ያሉት ሰዎች ሁሉ ያችን ነጥብ በልባቸው ሲያትሟት ይታያል። ሳይሚም አተመቻት፤ ማተሟንም አላወቀችም።

«ትንሽ ትንሽ ይሳሳታል» አለ ሮፔ ለሻለቃዋ፣ ሹክሹክታውን ሰምቶ። «ግን ይማራል። አሁን ዋናውን ተመልከቺ።»

ስክሪኑ ተቀየረ። ጫካው ውስጥ አንድ ነገር አለ፤ ሰፊ፣ ጠርዙ የሚያብለጨልጭ፣ ቀስ እያለ የሚዞር። ወደ ምሥራቅ ሄደ፣ ተመለሰ፣ እንደገና ሄደ። ጽሑፉ በቀይ ወጣ፦ ብረት ለበስ ተሽከርካሪ። ቀላል። ሐሳቡ፦ ጠላት። እርግጠኝነት፦ ከመቶ ዘጠና ስምንት።

ሳይሚ አዟዟሩን አወቀችው።

«ስፋቱ ሦስት ሜትር» አለ ሮፔ፤ ድምፁ ከደስታ የተነሣ ቀጠነ። «አካባቢውን እየቃኘ ነው። ተመልከቺ እንዴት አቅጣጫ እየቀያየረ አሳሳች እንደሚሆን። ሠልጥኗል። ከዚያ ሄዶ አንድ ቦታ ላይ ይመሽጋል።»

ሻለቃ ሲርካ ቀና አለች። ድንበሩ ከመንደራችን ሩቅ አይደለም፣ እንዲህ ያለ ነገር ደግሞ አይቀለድበትም። «ይህ መቼ ነው?»

«ረቡዕ።»

«ለምን ያኔ አልተነገረኝም?»

«ለዛሬ አስቀምጬው ነው» አለ ሮፔ።

ሻለቃዋ ስልኳን አወጣች። «ይህ እውነት ከሆነ ከዛሬ ጀምሮ ጫካው ይዘጋል። ወታደር ረግረጉን በእግሩ ያስሰዋል፣ ጥግ አይቀርም።»

ሳይሚ ሁለት ነገር አሰበች። ዝም ካለች ነገ፣ ሂላው በሚበስልበት ቀን፣ በአያቷ ቦታ ላይ መቶ ጥንድ ቡትስ ይቆማል፤ ምሰሶውም ዕድሜ ልኩን እዚያ ይቀራል። ከተናገረች ደግሞ ያ ብረት ለበስ የት እንደመሸገ ሮፔ በቀይ መስመር ያወጣል፤ መስመሩም ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ የሷ መስመር ነው። አያቷ አልጋው ላይ ሆኖ ታያት፣ ማንኪያ ይዞ።

ሻለቃዋ ቁጥር መምታት ጀመረች።

«ብረት ለበሱ እኔ ነኝ» አለች ሳይሚ።

ሁሉም ዞረ። ሳይሚ ቆማለች፤ መቼ እንደተነሣች አታውቅም።

«ምን ማለትሽ ነው?» አለች ሻለቃዋ።

«እኔ ነኝ። የመኪና ብርድ ልብስ ነው የለበስኩት፣ ያ የሚያብለጨልጨው። ነፋስ ነበር፣ ሲገለብጠው ነው ሦስት ሜትር የሆንኩት። ቀላል ያለው ግን እውነቱን ነው፤ ሃምሳ ኪሎ ነኝ።»

መጀመሪያ የሳቀው ኢልሞ ነው፤ እፎይታ ነበረበት። ከዚያ ሁሉም ሳቀ፣ የቀረፋ ዳቦ በአፍንጫው የወጣበት ሰውም አለ። ሮፔ ብቻ አልሳቀም፤ አሁን ገና ተማረ።

«በሐምሌ ፀሐይ ለምን ተጠቀለልሽ?» አለች ሻለቃዋ።

«ከማሽኑ ለመደበቅ።»

«ይህቺ ልጅ እኮ» አለች ሂልካ ነገር ማቀጣጠል ስለምትወድ፣ «ማሽኑ አይሠራም ብላ በዚሁ አዳራሽ መሳቂያ ያደረገችው ናት።»

«አላምንም ነው ያልኩት፣ እትዬ ሂልካ» አለች ሳይሚ። «አልፈራም መቼ አልኩ? አንሶላውስ ደረቀ?»

ሂልካ ቡናዋን አነሣች፣ ባዶ መሆኑንም ሳታይ ጠጣች። እሷን ጉጉቱ ጨርሶ አላያትም ነበር፤ በዚህ ደስ ይበላት ወይስ ትቀየም ገና አልወሰነችም።

ሮፔ ላቡን ጠረገ። «እሺ፣ በስም ተሳስቷል። ይሁን። ቦታውን ግን አይስትም። እስከ አንድ ሜትር ድረስ ያውቃል። ይኸው መንገዷ።»

ሳይሚ «ተወው» ልትል አፏን ከፈተች፤ ድምፅ አልወጣም። በሕይወቷ መጀመሪያው ነው። ቀዩ መስመር ከመንደሩ ተነሣ፣ ጥዶቹን አለፈ፣ ተጠማዘዘ። አዳራሹ ትንፋሹን ዋጠ። መስመሩ ወደ ሐይቁ ዳር ወረደ። ዳሩ ላይ አልቆመም። በውሃው ላይ ቀጥ ብሎ ሄደ፣ ሐይቁን አጋመሰ፣ ደሴቱ ላይ ወጥቶ እዚያ አረፈ።

ሳይሚ ያንን መስመር አየችው። እሷ ሐይቁ አጠገብ እንኳ አልደረሰችም። የአያቷ ቦታ በሌላኛው በኩል ነው። ያን ሁሉ ያላባት፣ ያ ሁሉ ትንኝ የበላት፣ የት እንዳለች ለማያውቅ ነገር ነበር።

«እዚያ ነበርሽ?» አለች ሻለቃዋ። «ደሴቱ ላይ?»

አዳራሹ በሙሉ ሳይሚን አየ።  አልነበርኩም ብትል ማሽኑን እዚያው ትቀብረዋለች፤ ዕድሜዋን ሙሉ ስትተርከው ልትኖር ትችላለች። ግን ነገ ጠዋት ሰው ሁሉ «ታዲያ የት ነበርሽ?» ይላል። ምላሷ ላይ የመጣውን የዓመቱን ምርጥ ቀልድ ዋጠችው። ለሳይሚ እንዲህ ያለ ነገር ጥርስ ከመነቀል ይብሳል።

«ነበርኩ» አለች።

«ሐይቁን በምን ተሻገርሽ?»

«ዋኘሁ።»

«በብርድ ልብሱ?»

«ብርድ ብርድ ይለኝ ነበር።»

ሻለቃ ሲርካ ለረጅም ጊዜ አየቻት። የትንኝ ንክሻውን አየች። አንገታቸውን ያሰገጉትን ሰዎች አየች። «በዚህ አገር ሂላ አለ?» አለች።

«ትንሽ ትንሽ» አለች ሳይሚ።

«ብዙም የለም» አለች ሂልካ።

«ዘንድሮ እንኳ ምንም» አለ ኢልሞ።

«እኔም የሂላ አገር፣ የፖሲዮ ልጅ ነኝ» አለች ሻለቃዋ፣ ስልኳን ወደ ኪሷ እየመለሰች። «ጥያቄዬን ጨርሻለሁ።» ከዚያ ወደ ሮፔ ዞረች። «ሴት ልጅን ታንክ ይላል። እሱ ይሁን። ግን በውሃ ላይም ያስኬዳታል። ይህ ለጦር ሠራዊት አይሆንም፣ ወንድሜ፤ ለቤተ ክርስቲያን ሞክሩት።»

ሮፔ ያንኑ ከሰዓት በኋላ ምሰሶውን አወረደ። ኢልሞ አገዘው፤ ከዳቦው የተረፈውን ትሪ ይዞ ነው የተመለሰው። መንደሩም እስከ ማታ ድረስ ሲሳለቅ ዋለ። «ድሮስ አላልንም?» «ከመጀመሪያው አውቄዋለሁ።» «የት እንዳለች እንኳ...» ይላል አንዱና እዚህ ጋ ሲደርስ ያቆማል፣ ወደ ሐይቁ ያያል፣ ወሬ ይለውጣል።

እሁድ ጎሕ ሲቀድ ሳይሚ ባልዲዋን ይዛ በጓሮ ወጣች። ብርድ ልብስ የለም፣ ምን የለም። ከኮረብታው ስር ስታልፍ ሐይቁ ታየ። ጀልባ ሞልቶበታል። የመንደሩ ጀልባ በሙሉ፣ መቅዘፊያው ድምፅ እንዳያሰማ በጨርቅ ተጠቅልሎ፣ እርስ በርስ እንዳልተያየ ሆኖ ወደ ደሴቱ ይንሸራተታል። ከፊት ኢልሞ ነው፤ ለሥራ እንዲህ ሲቸኩል አይተነው አናውቅም። ደሴቱ ድንጋይ ነው። ከድንጋይና ከወፍ ኩስ ሌላ ኖሮበት አያውቅም፤ ይህንንም እያንዳንዳቸው ከልጅነታቸው ጀምሮ ያውቃሉ።

ሳይሚ ከተገነደሰው ጥድ ጀርባ ገባች። ሜዳው ወርቅ ሆኗል። ያለ ምንም መንኮሻኮሽ፣ ያለ ምንም ላብ ተንበርክካ ለቀመች። ባልዲዋ እስኪሞላ አንድም ሰው አልመጣም። ቦታው እንዳለ ነው፣ የኦይቫ እናት እንደተወችው።

ቤት ስትደርስ ግን ረፍዶ ነበር። ኦይቫ ትራሱን ተደግፎ ማንኪያውን ይዞ ይጠብቃል። ጎድጓዳ ሳህኑን ሞልታ ሰጠችው። የመጀመሪያዋን ዓይኑን ጨፍኖ በላት። ሁለተኛዋንም። ከዚያ ዓይኑን ገልጦ ፊቷን አየ።

«ይህ አዲስ ንክሻ ነው» አላት። «በእኛ ቦታ ይህን ያህል ትንኝ የለም። የት ነበርሽ?»

ሳይሚ ባልዲውን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠች፣ ሳያስፈልግ አዞረችው። «ስመለስ ትንሽ ዞር ብዬ ነበር።»

«ወዴት?»

«ከመጋዝ ቤቱ ጀርባ። ማሽኑ ድቡ ቆሟል ያለበት ቦታ። የኢልሞ ቦታ።»

«ያ አንቺን በሐይቅ ላይ ያስኬደሽ ማሽን?»

«እሱ።»

«እና ምን አገኘሽ?»

«ምንም የለም፣ አባባ። ሸንበቆና ትንኝ ብቻ ነው።» ባልዲውን መልሳ አዞረችው። «ሂልካ ነበረች። ሆዷን መሬት ላይ አድርጋ ትፈልጋለች። ስታየኝ የጆሮ ጌጥ ጠፍቶብኝ ነው አለች። ጆሮዋ አልተበሳም።»

ኦይቫ አልሳቀም። ሂላውን ቀስ ብሎ አላመጠ፣ ፍሬውን በምላሱ አዞረ፣ ዋጠ። ማንኪያውን ሳህኑ ጠርዝ ላይ አስደግፎ ወደ በሩ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«የፈለጋችሁበት ቦታ» አለ፣ «ከሸንበቆው ወዲህ ነው፣ ወዲያ?»